እሳት አጥፊውን በአመዱ መክሰስ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል የእኛ ሰው። ጁን 29 ቀን 2018 ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ የታየው እንቁላል ግን ትዕግሥት አልነበረውም፤ በረረ። ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ የተመለሰው የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ ቡድን ካሜራ ፊት ተሰልፎ ቆሞ ሳለ፣ ከሕዝቡ መሐል የተወረወረ እንቁላል እግራቸው ሥር እየወደቀ ፈረጠ። ከሰልፈኞቹ አንዱ አሰልጣኙ ሺን ቴ-ዮንግ ነበር። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር፤ ኳሱ የሚቆጠረው በእነሱ ነው።)

ልብ በሉ። ያ ቡድን ከሁለት ቀን በፊት ካዛን ላይ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፏል። ጀርመን ማለት የ2014ቱ የዓለም ሻምፒዮን፣ ከ1938 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ የማያውቅ ቡድን ነው። ሻምፒዮኑን ያባረረ ሰው አገሩ ሲገባ በእንቁላል ተቀበሉት።

ጨዋታውን ያየሁት ሰፈሬ ካለች አንዲት ቡና ቤት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ስለነበር ግማሹ ተመልካች ከሥራ ሾልኮ የመጣ ነው። ጀርመን ስንት ታገባለች እያለ ሲወራረድ የቆየው ሰው ሁሉ፣ ባከነ ሰዓት ላይ ኪም ዮንግ-ግዎን ኳሷን መረብ ውስጥ ሲከታት፣ መጀመሪያ ከጨዋታ ውጪ ተብላ ስትሻር፣ ቀጥሎ በምስል ታይታ ስትጸድቅ፣ በአንድ አፍ ኮሪያዊ ሆነ። ግብ ጠባቂው ኖየር ጎሉን ጥሎ መሐል ሜዳ አልፎ ሲሄድና ኳሷን ሲነጠቅ፣ ሶን ሄንግ-ሚን ባዶውን ጎል እያየ ሲሮጥ፣ አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ «ሩጥ! ሩጥ!» ትል ነበር። ኮሪያም በዚያው ምሽት ከውድድሩ ወጣች፤ ስዊድን ሜክሲኮን 3 ለ 0 አሸንፋለችና። ያም ሆኖ ከዚያች ቡና ቤት የወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኮሪያ ነበር።

ይህን አሮጌ ነገር ዛሬ ያስነሣኝ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ነው። ሰዋስው አስተማሪ ስለነበር ነገርን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ይወዳል። ሺን ቴ-ዮንግ ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ኡልሳን ከሚባለው የኮሪያ ክለብ በ65 ቀኑ መባረሩን የሰማ ለት ደወለልኝ። «አላልኩህም? ጥሩ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ አይወጣውም። ካዛን ዕድል ነበር» አለና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመው። ይህ ዓረፍተ ነገር የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን የኳስ ወሬ ባለበት ሁሉ የሚደመጥ ነው፤ እንቁላል ወርዋሪዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት።

መጀመሪያ ሰውዬው ማን ነው? ሺን በ1970 በኮሪያ ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ፣ ዮንግዶክ በምትባል ቦታ ተወለደ። በአገሩ ሊግ የተጫወተው ለአንድ ክለብ ብቻ ነው፤ ኢልህዋ ይባል ለነበረውና በኋላ ሶንግናም ከተማ ለከተመው ክለብ። በ1992 ገብቶ በዚያው ዓመት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ1995 እና በ2001 የሊጉ ኮከብ ሆኖ ተመረጠ። ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፣ ያውም ሦስት ሦስት ዓመት አከታትሎ፤ ከ1993 እስከ 1995፣ ከ2001 እስከ 2003። በ401 ጨዋታ 99 ጎል አገባ፣ 68 ጎል አመቻችቶ አቀበለ። በዚያ ሊግ 60 ጎል አግብቶ 60 ያቀበለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። መቶኛዋን ጎል ሳያገባ መሄዱ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ደራሲ ቢኖር ይህችን ቁጥር ከራሱ ፈጠራት ይባል ነበር።

እንዲህም ሆኖ በተጫዋችነት የዓለም ዋንጫ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። 1994 አለፈው፣ 1998 አለፈው። በ2002 አገሩ ከጃፓን ጋር አዘጋጅታ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ፣ የ2001 የሊጉ ኮከብ ከተመልካች አንዱ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተጫወተበት ቦታ አማካይ ነው። ቃሉ በኳስና በሒሳብ አንድ ሆኖ መገኘቱ ደስ ይለኛል። በሒሳብ አማካይ ማለት ከበዛለት ወስዶ ላነሰው የሚያካፍል ቁጥር ነው። በሜዳም ያው ነው። ተከላካዩ ያበላሸውን ያነሣል፣ አጥቂው የሚመሰገንበትን ይሰጣል። አጥቂ በጎሉ ይታወሳል፣ በረኛ በጥፋቱ ይታወሳል፤ አማካይ ግን ሌሎቹን ያገናኘበት ሥራ ነው ያለው፣ ያንን ደግሞ የሚያየው የሚያውቅ ሰው ነው። ሺንን በአገሩ «የሜዳው ቀበሮ» ይሉት ነበር። ቀበሮ ጉልበት ስለሌላት ነው የምታስበው።

በ2005 ወደ አውስትራሊያ ብሪዝበን ሄደ፤ ቁርጭምጭሚቱ እምቢ ስላለው ብዙ ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለና እዚያው የአሰልጣኝነት ሥራ ጀመረ። በ2009 የቀድሞ ክለቡ ሶንግናም ጠራው፤ መጀመሪያ በጊዜያዊነት። በ2010 ያንን ክለብ የእስያ ሻምፒዮን አደረገው፤ ቶኪዮ ላይ የኢራኑን ዞብ አሃን 3 ለ 1 አሸንፎ። በ1995 ይህንኑ ዋንጫ በተጫዋችነት ወስዶ ስለነበር፣ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያኔ ስለ ራሱ ከተራ ሰው የተለየሁ ነኝ የሚል ዓይነት ቃል ተናግሮ አገር ጉድ አለ። ትሑት አይደለም፤ አልዋሽላችሁም። እንግዲህ ወዳጄ «ጥሩ አሰልጣኝ አይወጣውም» ሲል ይህ ዋንጫ የት ገባ? ቶኪዮም ዕድል ነበር?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኮሪያዎች «ሶባንግሱ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ እሳት አጥፊ ማለት ነው። ቡድን ሲቃጠል የሚጠሩትን አሰልጣኝ እንዲህ ይሉታል። የሺን የአሰልጣኝነት ዘመን ሲነበብ የእሳት አደጋ መዝገብ ይመስላል። በ2014 ብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ባልነበረው ወቅት በወዳጅነት ጨዋታ ቦታ ሸፈነ። በ2015 የኦሊምፒኩን ቡድን የያዘው አሰልጣኝ ሊ ክዋንግ-ጆንግ በደም ካንሰር ሲታመም ሺን ተጠራ፤ በሪዮ ኦሊምፒክ ከጀርመን ጋር 3 ለ 3 ወጥቶ፣ የለንደኑን ባለወርቅ ሜክሲኮን 1 ለ 0 አሸንፎ ከምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ በሆንዱራስ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ2017 ኮሪያ የምታዘጋጀው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ ወራት ሲቀሩት የወጣት ቡድኑ አሰልጣኝ ለቀቀ፤ ማን ይጠራ? ሺን። አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸነፈና በጥሎ ማለፉ ፖርቱጋል አስወጣችው።

ትልቁ እሳት የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ጀርመናዊው ኡሊ ሽቲሊከ ብሔራዊ ቡድኑን ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዞ ጁን 2017 ዶሃ ላይ በኳታር 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ተባረረ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያው የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። ኮሪያ 13 ነጥብ፣ ኡዝቤኪስታን 12። አንዱ ጨዋታ ከኢራን ጋር፣ ሌላው ታሽከንት ላይ ከኡዝቤኪስታን ከራሷ ጋር። ኮሪያ ከ1986 ጀምሮ አንድም የዓለም ዋንጫ አምልጧት አያውቅም። በዚህ ሰዓት «እኔ እይዘዋለሁ» የሚል ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ አገሩን የሚወድ ነው፤ ሁለቱንም መሆን ይቻላል። ጁላይ 4 ሺን ያዘው። ኢራንን 0 ለ 0፣ ኡዝቤኪስታንን 0 ለ 0። አያምርም። ግን አለፈ።

በማግስቱ የተወራው ምን መሰላችሁ? ጉስ ሂዲንክ ተመልሶ ቢመጣ ፈቃደኛ ነው የሚል ወሬ ነው። ሕዝቡ አበደ። ሂዲንክ ይምጣልን! ገና ላቡ ያልደረቀው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲጠራበት ይሰማል። ኦክቶበር ላይ በሩሲያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 3 ለ 1 ሲሸነፍ ጩኸቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥቶ ጠበቀው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ማለት ይህ ነው።

እስቲ ስለ ሂዲንክ እናስታውሳቸው። ሆላንዳዊው ቡድኑን የያዘው በ2001 መጀመሪያ ነው። በሜይ 2001 በፈረንሳይ 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ በኦገስት በቼክ እንደገና 5 ለ 0። ኮሪያዎች ያኔ «ኦ ዴ-ዮንግ» የሚል ስም አወጡለት። «ኦ» በእነሱ ዘንድ የታወቀ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ስትሰሙት ደህና የሰው ስም ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን አምስት ለዜሮ ነው። (እንዲህ ያለ ስድብ ያወጣ ሕዝብ ቅኔ ያውቃል ማለት ነው።) ስም አወጡለት እንጂ አላባረሩትም። ዓመት ተኩል ሰጡት። ሊጉ ሳይቀር ለእሱ መንገድ ለቀቀ፤ ተጫዋቾቹን ለረጅም ጊዜ ሰብስቦ አሠለጠነ። ውጤቱ ግማሽ ፍጻሜ ሆነ፣ የክብር ዜግነትም አገኘ፣ ስታዲየምም በስሙ ተሰየመለት። ይገባዋል። እኔ የምለው ግን ያ ግማሽ ፍጻሜ የሂዲንክ ሥራ የሆነውን ያህል የጊዜም ሥራ ነው።

ሌላም ምስክር አለኝ። ከሺን በኋላ የመጣው ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ቤንቶ ከኦገስት 2018 እስከ ዲሴምበር 2022 ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። በማርች 2021 በጃፓን 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ በጁላይ 2022 በዚያችው በጃፓን እንደገና 3 ለ 0። ኮሪያዊ በጃፓን መሸነፍን እንዴት እንደሚያየው ለሚያውቅ፣ ይህ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው። አላባረሩትም። ኳታር ላይ ፖርቱጋልን አሸንፎ ከምድቡ አለፈ። ሺን በዲሴምበር 2017 ጃፓንን ቶኪዮ ላይ 4 ለ 1 አሸንፎ ነበር። አራት ለአንድ! ማን አስታወሰለት?

«ታዲያ ነገሩ የፈረንጅና የአገር ልጅ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። በከፊል ነው እላለሁ፤ በሙሉ አይደለም። ዩርገን ክሊንስማንም ፈረንጅ ነው፤ በዓመቱ በፌብሩወሪ 2024 ተሰናብቷል። የአገር ልጅ የሆነው ሁህ ጁንግ-ሙ በበኩሉ (እሱም የቀድሞ አማካይ ነው) ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ጊዜ ተሰጥቶት በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡድኑን ከምድብ አሳልፏል። ጊዜ ያገኘ ሠራ። የሺን ነገር ልዩ የሚሆነው የሌላውን ሰው ሦስት ዓመት በሁለት ጨዋታ እንዲያድን ተጠርቶ፣ ካዳነ በኋላ የሂዲንክን ውጤት በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ እንዲያመጣ መጠበቁ ነው።

ሺን ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። ከስዊድን ጋር በነበረው ጨዋታ ቡድኑ ፈርቶ ገባ፤ አንድም ኳስ ወደ ጎል በትክክል ሳይመታ በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸነፈ። ያ የአሰልጣኙ ጥፋት ነው። ከዚያ በፊት በወዳጅነት ጨዋታዎች የተጫዋቾቹን የማሊያ ቁጥር ሲያቀያይር ከርሞ፣ ምዕራባውያን እስያውያንን ለይቶ ማወቅ ስለሚያስቸግራቸው ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ቀበሮነት አንዳንዴ እንዲህ ያስቃል። ቢሆንም ደግሞ ኪም ሚን-ጄ፣ ክዎን ቻንግ-ሁን፣ ኪም ጂን-ሱ፣ ሊ ኩን-ሆ፣ ዮም ኪ-ሁን በሙሉ በጉዳት ወደ ሩሲያ አልሄዱለትም፤ ለጀርመኑ ጨዋታ አምበሉ ኪ ሱንግ-ዮንግም ተጎድቶ ነበር። በቀረው ሰው ነው ካዛን የገባው። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ኪም ዮንግ-ግዎን ከኢራኑ ጨዋታ በኋላ ስለ ተመልካቹ ጩኸት በተናገረው አንድ ቃል አገር ሁሉ ሲሰድበው የከረመ ተከላካይ ነው። አሰልጣኙ ግን አልጣለውም። ይህን ዕድል የሚለው ሰው፣ ዕድል ምን እንደሆነ ያስረዳኝ።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። በኮሪያ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። በ2014 ከብራዚል ሲመለሱ በአሰልጣኝ ሆንግ ምዮንግ-ቦ ቡድን ላይ የወረወሩት «ዮት» የሚባል የአገራቸውን ከረሜላ ነው። ዮት ተማሪ ፈተና ሊቀመጥ ሲል እውቀቱ እንዲጣበቅለት የሚሰጡት የምርቃት ጣፋጭ ነው፤ «ዮት ብላ» ካሉት ግን ከባድ ስድብ ይሆናል። ሆንግ በ2002 የግማሽ ፍጻሜው ቡድን አምበል የነበረ ሰው ነው። በ1998 ደግሞ በቡንደስሊጋ ስሙ የገነነው ቻ ቡም-ኩን በሆላንድ 5 ለ 0 ሲሸነፍ፣ የዓለም ዋንጫው ሳያልቅ፣ አንድ ጨዋታ እየቀረው ከፈረንሳይ አባረሩት። የሌላ አገር ሰው አይደለም፤ ኮሪያ ከወለደቻቸው ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ የሚባል ነው።

እንቁላሉ፣ ከረሜላው፣ ስድቡ የሚያርፈው ሁልጊዜ ከካሜራው ፊት የቆመው ሰው ላይ ነው። ከካሜራው ጀርባ ያለውስ? የኮሪያ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ቹንግ ሞንግ-ጊዩ ወንበሩን የያዙት በ2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ሆንግ መጣ ሄደ፣ ሽቲሊከ መጣ ሄደ፣ ሺን መጣ ሄደ፣ ቤንቶ መጣ ሄደ፣ ክሊንስማን መጣ ሄደ፣ በ2024 ሆንግ እንደገና መጣ። በኖቬምበር 2024 የአገሪቱ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ምርመራ አድርጎ በሰውየው ላይ ከባድ ቅጣት እንዲጣል ጠየቀ። በፌብሩወሪ 2025 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። አሰልጣኝ የሚመርጠው፣ የሚያዘገየው፣ ማጣሪያው በሁለት ጨዋታ አንገት እስኪይዝ ዝም ብሎ የሚያየው ማነው? እንቁላል ግን ቢሮ ድረስ አይደርስም። የአገራችንን ምሳሌ አልጨምርም፤ የየመሥሪያ ቤቱን እሳትና የየመሥሪያ ቤቱን አመድ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል።

«ደመወዙን ይበላ የለ? ሲበላ የጣፈጠው ሲሰደብ ለምን ይመረዋል?» ይባላል። ይህ ክርክር ብልጥ ይመስላል። ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ ነው፤ ሥራው ይተች፣ ይመርመር፣ ካስፈለገም ይሰናበት። እኔ ራሴ ከላይ የስዊድኑን ጨዋታ ተችቻለሁ። ትችት ግን ሒሳብ ያውቃል፤ ለማን ምን ያህል ጊዜ ተሰጠ፣ ምን ይዞ ጀመረ ብሎ ይጠይቃል። እንቁላል አይጠይቅም። ለሃያ ዓመት ያህል ተማሪ ሳርም የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሌላው የጀመረውን ድርሰት እንዲጨርስ የተሰጠው ተማሪ ለመጀመሪያው ገጽ ስሕተት ነጥብ አይቀነስበትም።

ኮንትራቱ አላደሰም ተባለና ሺን ቤቱ ተቀመጠ። ዲሴምበር 2019 ኢንዶኔዥያ ጠራችው። የዓለም ደረጃዋ 173ኛ ነበር። ኳስ የምትወድ፣ ስታዲየም የምትሞላ፣ ግን የማታሸንፍ አገር። ሰውዬው ከታክቲክ በፊት ከምግብ ጀመረ፤ የተጠበሰ ነገር ከለከለ። አካል ብቃት፣ ሰዓት ማክበር፣ ወጣት ማመን። ቡድኑ ከ2007 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አለፈ፤ በጃንዋሪ 2024 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ወጣ። በኖቬምበር 2024 ሳዑዲ ዓረቢያን ጃካርታ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ደረጃዋም ወደ 120ዎቹ ወጣ። ከሆላንድ የመጡ ትውልደ ኢንዶኔዥያ ተጫዋቾች ትልቅ እገዛ ነበራቸው፤ አይካድም። ግን እዚህ ጊዜ ተሰጠው። አምስት ዓመት። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት።

ከሁሉም የማይረሳኝ ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ዶሃ ላይ የሆነው ነው። የእስያ ከ23 ዓመት በታች ሩብ ፍጻሜ፣ ኢንዶኔዥያ ከደቡብ ኮሪያ። ሺን የገዛ አገሩን ገጠመ። 2 ለ 2 አለቀ፣ ወደ መለያ ምት ሄዱ፣ መለያ ምቱም አላልቅ አለ፤ በመጨረሻ 11 ለ 10 ኢንዶኔዥያ አሸነፈች። ኮሪያ ከ1988 ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ኦሊምፒክ ሄዳለች፤ አሥረኛውን የዘጋባት በእንቁላል የተቀበለችው ልጇ ነው። እኔ ጸሐፊው ብሆን እዚህ ላይ ሳቅ እጽፍለት ነበር፤ የበቀል ሳቅ። እሱ ግን ደስ ብሎኛል፣ ልቤ ግን ተሰብሯል የሚል ንግግር ነው የተናገረው። የግሪክ ትራጄዲ ሳስተምር እንዲህ ያለ ትዕይንት ለተማሪ ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር። አሸናፊው የሚያለቅስበት ድል እንዴት ያለ ነው? ይሉኛል። ይኸው።

ኢንዶኔዥያም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልታገሠችም። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከስድስት ጨዋታ 6 ነጥብ ይዞ ሦስተኛ ሆኖ ሳለ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ፌዴሬሽኑ አሰናበተው። ከተጫዋቾች ጋር መግባባት ጎደለ ተባለ። በሁለተኛው ቀን ፓትሪክ ክላይቨርት መጣ። ክላይቨርት ትልቅ ተጫዋች ነበር፤ ቡድኑን እስከ አራተኛው ዙር አድርሷል፤ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ግን ኦክቶበር 2025 ጂዳ ላይ በሳዑዲ 3 ለ 2፣ በኢራቅ 1 ለ 0 ተሸንፎ ሕልሙ አበቃ፤ እሱም ተሰናበተ። የኢንዶኔዥያ ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ሆነው የሚጠሩት የማንን ስም ነበር? የሺንን።

እሱ በዚያ ሳምንት የት ነበር? ኡልሳን ላይ ተባሮ ሻንጣውን እየሸከፈ። ለወዳጄ መልስ ስሰጥ ይህችን ክፍል መዝለል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። ኡልሳን በ2022፣ በ2023 እና በ2024 ተከታታይ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። በ2025 መንሸራተት ሲጀምር በኦገስት አሰልጣኙን አሰናብቶ ሺንን ጠራ፤ እንደገና እሳት። በመጀመሪያው ጨዋታ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ሊጉ ላይ ማሸነፍ አቃተው። ከአንጋፋ ተጫዋቾች ጋር የነበረው ጠብ አደባባይ ወጣ፤ ከተጫዋቾቹ ወገን ስለ አያያዙ ከባድ ቅሬታ ተሰማ፤ እሱም በበኩሉ ተናገረ። ከተጫዋቾቹ መካከል የካዛኑ ባለጎል ኪም ዮንግ-ግዎንና የካዛኑ ግብ ጠባቂ ጆ ህዮን-ዉ ነበሩ፤ የካዛን ትዝታ ግን ነጥብ አያስገኝም። የሰው ክብር የሚነካ ጥፋት አጥፍቶ ከሆነ ጊዜ አጣሁ ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ለእሱም አልከራከርለትም። የባሰ የሚያሳፍረኝ ደግሞ በኤፕሪል 2025 የዚያው የኮሪያ ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ መሾሙ ነው። ከእነዚያው ሰዎች ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ! ኳስ ያወጣው ሰው ጀግና ሆኖ አይቆይላችሁም፤ ልብ ወለድ አይደለማ።

ግን 65 ቀን! ሻምፒዮን የነበረን ክለብ ወደ ታች የሚጎትተው ነገር በ65 ቀን ተበላሽቶ በ65 ቀን የሚጠገን ነው? ክለቡ በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች ተፈራርቀውበት ዘጠነኛ ሆኖ ለጥቂት ከመውረድ ተረፈ። ሦስተኛውም የተጠራው እሳት አጥፊ ተብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ መልሼ ደውዬ ነገርኩት። ሳያቋርጥ ሰማኝ፤ ለእሱ ብርቅ ነው። ከዚያ «እሺ ይሁን፤ ታዲያ ሰውዬው ለምን እሺ ይላል? በ2015 እሺ፣ በ2017 እሺ፣ በ2025 እሺ። እምቢ የሚባል ግሥ በቋንቋቸው የለም?» አለኝ።

«በ2002 ደጅ የቀረ ሰው ነው» አልኩት። «አንተ ብትሆን በሩ ሲከፈትልህ፣ ቤቱ እየነደደ ቢሆንም፣ አትገባም?»

ትንሽ ዝም አለ። «ካዛን ግን ዕድል ነበር» አለና ስልኩን ዘጋው።